የዝናሽ ድርብ ስፌት

ሰው የተቀመጠበትን አያይም። ድሬዳዋ ውስጥ በቀን ስንት ሺህ ሰው ባጃጅ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከሳቢያን ቀፊራ፣ ከቀፊራ ከዚራ ይመላለሳል፤ ሙቀቱን ያማርራል፣ ከሾፌሩ ጋር ይቀላለዳል፤ ግን ጎንበስ ብሎ «ይህን ወንበር ማን ሰፋው?» የሚል አንድ ተሳፋሪ አይገኝም። ሾፌሮቹ ግን ያውቃሉ። ሾፌር ቀኑን ሙሉ እዚያው ላይ ነውና ወገቡ ይነግረዋል። የድሬ ባጃጅ ነጂ ወገብ ደግሞ ዝናሽ ወልደጻድቅን አሳምሮ ያውቃታል።

ዝናሽ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ሳቢያን፣ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት ቦታ ገባ ብሎ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለቻት። ከፊት የስፌት መኪናዋ፣ ጥቅል ሌዘሯና ስፖንጇ ተደርድረዋል፤ ከኋላ በሰማያዊ መጋረጃ የተከለለች ጓዳ አለች። ወንበር የሚያለብስ ሰው በከተማው ሞልቷል። የሌሎቹ ስፌት በዓመቱ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመቱ አፉን ይከፍትና ስፖንጁ ብቅ ይላል። የዝናሽ ድርብ ስፌት ግን ሌዘሩ ራሱ አርጅቶ ሲሰነጣጠቅ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ባጃጅ ሲሸጥ ገዢው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት «ወንበሩ የዝናሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ማጋነን የሚመስለው ካለ ተራው ጋ ሄዶ ያጣራ።

ችግሩ፣ ያንን ስፌት ስትሰፋ ያያት ሰው አለመኖሩ ነው። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠርዝ ታጥፋለች፣ ኪስ ትለጥፋለች፣ ከደንበኛ ጋር ትስቃለች። ስድስት ሰዓት ሲሆንና ሙቀቱ ከተማውን በር ሲያዘጋው፣ ወንዱ ለጫት በርጫ፣ ሴቱ ለጥላ ሲሰበሰብ፣ ዝናሽ ወንበሩን ታቅፋ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትወጣ ወንበሩ አልቋል። ሰው ደግሞ ያላየውን ነገር ዝም ብሎ አይተወውም። ከእሷ ሁለት ሱቅ ዝቅ ብሎ ወንበር የሚሰፋ ጃማዕ የሚባል ሰው አለ። ጎበዝ ሰፊ ነው፤ የእሱም ስፌት ሁለት ዓመት ይቆያል። አንድ ቀን በርጫ ላይ፣ «እዚያ ጓዳ ውስጥ ወንድ አለ። የሚሰፋው እሱ ነው፤ እሷ ሻይ ነው የምታፈላለት» አለ።

ለቀልድ ነበር ያለው። ድሬ ውስጥ ግን ቀልድ ከባጃጅ ይፈጥናል። በሳምንቱ ሰውየው ከጅቡቲ የመጣ ሆነ፤ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዐይኑ ጠፋ፤ በወሩ መርከብ ላይ ሸራ ሲሰፋ የኖረ ነው ተባለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ዝናሽ የሰማችው ከሁሉም በኋላ ነው። ሲነግሯት ሳቀች። ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሠራችውን ሥራ ላልተወለደ ሰው ሰጥተውባታል።

መጋረጃውን ገልጣ ብታሳያቸው ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። እንዳታሳይ ያደረጋት የአባቷ ቃል ነው።

እውነቱ ይኸውላችሁ። ዝናሽ የምትሰፋው በእጇ ብቻ አይደለም፤ በእግሯም ነው። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች። ሁለቱን የሌዘር ጠርዞች ገጥማ በእግሯ ጣቶች መሃል ትቆነጥጣቸዋለች። ከዚያ በሁለት የጆንያ መርፌ፣ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ በዚያው ቀዳዳ እያሳለፈች፣ ክሩን በሁለት እጇ ወደ ሁለት ወገን ትስበዋለች። የእግሯ አውራ ጣት ስፌቱን ተጭኖ ይጠብቃል። ክሩ በልኩ መጥበቁን የሚነግራት ያ ጣት ነው፤ እጅ ይሳሳታል፣ እሱ ግን ሌዘሩ ሥር ያለውን ስፖንጅ ሳይቀር ይሰማዋል።

አሠራሩን ያወረሷት አባቷ አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። በሽሚንደፈር፣ በድሮው የባቡር ኩባንያ፣ የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ ወንበር ሲያለብሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስላቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ሌዘሩን በእግራቸው ይዘው፣ እያንጎራጎሩ ሲሰፉ ታገኛቸዋለች። እንግዳ ሊጎበኝ መጣ ሲባል ግን ፈጠን ብለው ጫማቸውን ያጠልቁና ጠረጴዛው ላይ ይሰየማሉ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ራሳቸው ነበሩ የሚያፍሩት። «ልጄ፣ ይሄን ለሰው እንዳታሳዪ» ይሏት ነበር። «በእግራቸው የሠሩትን ያስቀምጡናል ይላሉ። እግር ነውር ነው።» ዝናሽ ቃላቸውን ጠብቃ ኖረች። ራሷም ብትሆን ለእግሯ ድንበር አበጅታለታለች፦ «ማሻአላህ» የተጻፈበት ወይም የማርያም ሥዕል የሚለጠፍበት የጣሪያ ጨርቅ ሲመጣላት ጭኗ ላይ አድርጋ በእጇ ብቻ ትሰፋዋለች እንጂ እግሯን አታስነካውም።

ሉብና የመጣችው ወሬው በደራበት ሰሞን ነው።

ሉብና የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። እናቷ ድሪያ ቀሚስ እየሰፋች ነው ያሳደገቻት። አዲስ አበባ ሄዳ ሥዕል ተማረች፣ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠራች፣ ከዚያ ድንገት ነጠፈባት። አንድ ዓመት ሙሉ ሸራ ፊት ቆማ አንድ ሥዕል አልወጣላትም። ወደ ድሬ የተመለሰችው ከዚራ ያለ አንድ አዳራሽ ለትርኢት ሲጋብዛት ነው። ሐሳቧ ከራሷ ጭንቅላት መጠበቁን ትታ፣ በከተማው ያሉ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚሠሩ ተቀምጣ ማየት ነበር። ሦስት ሰው መርጣ ትሥላለች፤ በመክፈቻው ቀን ባለሙያዎቹ ራሳቸው አዳራሹ ውስጥ ሕዝብ እያያቸው ይሠራሉ፤ ስማቸው በትልቁ ግድግዳ ላይ ይጻፋል። አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ሠሪና አንዲት ሰሌን የምትታታ ሴት አግኝታለች። አንድ ስም ቀርቷታል።

«እትዬ ዝናሽ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሲሠሩ ልይዎት ብዬ ነበር» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«አቦ፣ እርስዎ አትበይኝ! ድሬ ነው ያለሽው። አንቺ በይኝና ግቢ።»

ሉብና ሐሳቧን ዘርዝራ ስትነግራት የዝናሽ ልብ ዘለለ። ስሟ ግድግዳ ላይ! ሕዝብ ፊት ተቀምጣ! ያ የጅቡቲ ሰውዬ በአንድ ቀን አፈር ይገባል። ወዲያው ግን እግሯ ትዝ አላት። አሰበችና የአባቷን ዘዴ መረጠች።

በማግስቱ ሉብና ስትመጣ ዝናሽን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መኪናዋ ላይ ተሰይማ አገኘቻት። እንዲህ ለብሶ ወንበር የሚሰፋ ሰው በዓለም ላይ የለም። ዝናሽ ቀጥ ያለ መስመር ሰፋች። እንደገና ቀጥ ያለ መስመር ሰፋች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፎቶ እንደሚያነሷት ሁሉ ጣቶቿን ዘርግታ ሰፋች። ስድስት ሰዓት ሲሆን «በይ፣ ሙቀቱ ሳይገድልሽ ግቢ» ብላ ልጅቷን ሸኘቻትና መጋረጃዋን ጣለች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሉብና የሥዕል ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ የሣለችውን አገላበጠች። ገጹን የሞሉት እጆች ናቸው፤ ንጹሕ፣ ልከኛ፣ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፈው የእጅ መታጠቢያ ማስታወቂያ ያሉ እጆች። ተነሥታ ያለቀውን ወንበር በጣቷ ተከትላ ዳሰሰችው።

«እትዬ ዝናሽ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መኪና ሲሰፋ አንዱ ክር ከተበጠሰ ሌላው ተከትሎት ይተረተራል። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ይሄ ከላይም ከታችም አንድ ነው፤ የእጅ ነው።» ወደ ዝናሽ ዞረች። «ማን ነው የሰፋው?»

የዝናሽ ደም ፈላ። «አንቺም ሰማሽ ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ። አላመንኩም» አለች ሉብና ሳትዋሽ። «ግን ሦስት ቀን እዚህ ተቀምጬ፣ ስለ አንቺ አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር አላየሁም።»

«ውጪልኝ!»

«እወጣለሁ። ሐሙስ ስሞቹን አስገባለሁ፤ ስትሠራ ያላየኋትን ሴት ስም ግን መጻፍ አልችልም።» ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ዝናሽ ያን ቀን መጋረጃውንም አልጣለችም፣ ሥራም አልሠራችም። ተረከዘ ረጅሙን ጫማ ወዲያ ወርውራ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ያናደዳትም እሱ ነው። እንደዚህ ተቀምጣ ሳለ የአባቷ ለቅሶ ትዝ አላት። አንድ ሽማግሌ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የድሮውን ባቡር ሲያወሱ፣ «እነዚያ የአንደኛ ማዕረግ ወንበሮች! እንዴት ያለ ማሽን ነበር የሰፋቸው? የት ገባ ይሆን ያ ማሽን?» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ስለ ማሽኑ ማውራት ጀመረ። አንዱ የጣሊያን ነው አለ፣ ሌላው የፈረንሳይ ነው አለ። ማሽኑ ራሱ፣ አባቷ፣ ከድንኳኑ ጥግ ዙሪያው በጥቁር ጨርቅ ከተከበበ ፎቶ ውስጥ ይመለከታቸው ነበር። ዝናሽ ያኔ ቃሏን ጠብቃ ዝም አለች፤ ዝም በማለቷም ኮርታ ነበር።

አሁን አፈረች። የአባቷን ሥራ ለማሽን ሰጡት፤ የእሷን ለጅቡቲ ሰው። ሁለት ትውልድ ሰፍቶ ሌላ ተመሰገነ፤ ያስመሰገኑትም አባትና ልጅ ራሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ጮክ ብላ። «ነውሩስ ዝም ማለቴ ነው።»

ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ለሉብና ደወለች። «ነይ። ደብተርሽን ይዘሽ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ጃማዕ ሱቅ ወረደች። ጃማዕ ጫቱን በብብቱ አድርጎ በሩን ሊቆልፍ ነበር።

«ጃማዕ፣ ና። ያንን ወንድ ላሳይህ።»

«የቱን ወንድ?»

«አንድ ዐይናውን! የጅቡቲውን! ዛሬ ታየዋለህ።»

ድሬ በስድስት ሰዓት ለእሳት አደጋም አትነሣም፤ ለወሬ ግን ትነሣለች። ከጃማዕ ኋላ ጎረቤቱ፣ ከጎረቤቱ ኋላ የባጃጅ ሾፌሮቹ ተከተሉ። የወንበሩ ሌዘር አርጅቶ ተቀዶበት ከጠዋት ጀምሮ የሚጠብቀው ሾፌሩ ሚክዳድም ነበረ። ሉብና እያለከለከች ደረሰች። ዝናሽ መጋረጃውን ጥግ ድረስ ሰበሰበችው። ከኋላው አንድ ምንጣፍ፣ ሁለት መርፌ፣ በሰም የታሸ ክርና አንድ የውሃ ጆግ ብቻ ነበር።

«የታለ ታዲያ?» አለ አንዱ።

«ቆይ!»

የሚክዳድን ወንበር ይዛ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። እግሯ ሰፊ ነው፤ የቀኝ አውራ ጣቷ በሥራ ብዛት ወደ ውጭ ዞሯል፣ ጎኑም እንደ ጥፍር ጠንክሯል። ሁለቱን ጠርዞች ቆነጠጠች፣ መርፌዎቹን አሳለፈች፣ ሳበች። ክሩ ሌዘሩ ውስጥ ሲያልፍ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አለው። አንድ ጥልፍ፣ ሁለት ጥልፍ፣ አሥር። መጀመሪያ ሰዉን ሰረቅ አድርጋ ታይ ነበር፤ ጣቷ ግን ልማዱን ያውቃልና ወዲያው አረጋጋት። ከዚያ በኋላ ሰዉንም ረሳችው።

ከኋላ አንድ ሰው ኪኪ አለ። «በእግሯ! ሰዎች፣ በእግሯ ነው የምትሰፋው!»

«ታዲያስ?» ሚክዳድ ዞሮ አፈጠጠበት። «ወላሂ፣ ስድስት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። እኔ የማስቀምጥበት ፊቴን አይደለም!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ዝናሽም ሳይታወቃት አብራ ሳቀች። ሠላሳ ዓመት የፈራችው ነገር ይህችው ነበረች፤ አንድ ሳቅ።

ያልሳቀው ጃማዕ ብቻ ነው። ጫቱን መሬት ላይ አስቀምጦ ቁጢጥ አለና ዐይኑን ከዚያ አውራ ጣት ላይ ሳይነቅል ቆየ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ስትጨርስ እጁን ዘርግቶ በጥፍሩ ስፌቱን ሊከፍተው ሞከረ፤ አልተከፈተም። ከዚያ ተነሣ፣ ጫቱን አነሣ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። ዝናሽ የፈለገችው ከእሱ አፍ አንድ ቃል ነበርና ትንሽ ከፋት።

ሉብና መጀመሪያ ቆማ ነበር። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሩን በእግሮቿ ይዛ መሣል ጀመረች። ሰዉ ተበትኖ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ፣ ሱቆቹ ሲከፈቱ ገና ትሥላለች። ገጹ ላይ እጅ የለም ማለት ይቻላል። ከአንድ የእግር ጣት ተነሥተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተወጠሩ ሁለት ክሮች ናቸው ያሉት፤ ያያቸው ሰው አብሮ የሚወጠር ይመስለዋል።

«ሦስት ቀን ሙሉ እጅሽን ስሥል ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ለካ የሚያስበው ታች ነው።»

«በቀለም እንዳትጨርሺው» አለቻት ዝናሽ። «ክር ወስደሽ ስፊው። ያኔ ይገባሻል።» ይህን ስትል የመጀመሪያ ተማሪዋን እንዳገኘች አላወቀችም።

ትርኢቱ የተከፈተው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሉብና ከሌዘር ቁርጥራጭ አንድ ግድግዳ የሚሸፍን እግር ሠርታ፣ ክሩን ራሷ በጆንያ መርፌ እየሳበች ሰፍታዋለች። ጣቶቿ ሁሉ በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፊቷ ግን አንድ ዓመት ያልነበረ ብርሃን ነበረው። ከሥራው ጎን በትልቁ «ዝናሽ ወልደጻድቅ፣ ወንበር ሰፊ። ሙያውን ከአባቷ ከአቶ ወልደጻድቅ የተማረች» ተብሎ ተጽፏል። ዝናሽ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በሐበሻ ቀሚሷ፣ በባዶ እግሯ፣ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች።

ክራባት ያሰረ አንድ ሰው ከወዳጁ ጋር ቆሞ ሲያያት ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን አለ ለእሷም ጠረጴዛ ቢያቀርቡላት?» አለ።

ዝናሽ ሰማችው። «ጠረጴዛማ ነበረን፣ ጌታዬ» አለች ክሩን እየሳበች። «አባቴ እንግዳ ሲመጣባቸው ነበር የሚቀመጡበት። እኔ እንግዳ መፍራት ትቻለሁ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ዝናሽ ኮራች፤ መኩራቷንም አልደበቀችም። አገጯን ከፍ አድርጋ ዙሪያውን ስታይ፣ ከሰዉ መሃል ፀጉሩን አበጥሮ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የቆመ ጃማዕን አየችው። እየተጋፋ ወደ ፊት መጣ።

«ዝናሽ።»

«አቤት።»

«ያንን የጅቡቲ ሰውዬ እኔ ነኝ የወለድኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ሀዬ። ዛሬ ቀበርኩት» አለ ሕዝብ እየሰማው። ከዚያ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የጫማውን ክር ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ እግሩን ወደ ሌዘሩ ዘረጋ። «እንዴት ነው የምትቆነጥጪው? አሳዪኝ።»

ዝናሽ እግሩን አየችው። የሳቢያንን አቧራ ግማሹን ይዞት መጥቷል።

«መጀመሪያ ታጠብ» አለችው። «ይሄ የወልደጻድቅ ስፌት ነው፤ በቆሸሸ እግር አይነካም። ቧንቧው ግቢው ውስጥ ነው።»

ጃማዕ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ በባዶ እግሩ፣ መንገድ በሚለቅለት ሕዝብ መሃል ወጣ። ዝናሽ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ አበጀችለት።